ገመዱ ሲቆም

በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው መዝናኛ እንግዶቹን በአየር ላይ በገመድ የሚያመላልሰውን «ስካይላይነር» የከፈተው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 ነበር። ሳምንት ሳይሞላው፣ በኦክቶበር 5 ማታ፣ ገመዱ ቆሞ መንገደኞች ሦስት ሰዓት ያህል ተንጠልጥለው ቆዩ።

አውቶቡስ ቢበላሽ የሚቆመው አንዱ ነው፤ ገመድ ሲቆም ግን የተንጠለጠለበት ሁሉ አብሮ ይቆማል። መብረቅ ሲያሰጋም አገልግሎቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ተጠባባቂው አውቶቡስና ሾፌሩ ገመዱ ሲዘረጋ አብረው በበጀት ሊያዙ ይገባል እንላለን። «ሥራ ፈተው ይውላሉ» የሚል ሒሳብ ያዥ አይጠፋም፤ የእሳት አደጋ መኪናስ አብዛኛውን ቀን ቆማ አይደለም የምትውለው?

ይሁንና አውቶቡስ የሚረዳው ጣቢያ ላይ የሚጠብቀውን ብቻ ነው። በአየር ላይ ለቀረው ሕፃንና ሽማግሌ መሰላሉና አውራጁ በየት በኩል እንደሚደርሱ አስቀድሞ መወሰን አለበት። መሥመሩ በከፊል በሐይቅ ላይ ስለሚያልፍ፣ እዚያ የምታስፈልገው ጀልባ ናት።