ብርዱን ትተን ጢሱን እንክሰስ

ነቀምቴ ላይ ክረምት ሲገባ ከዝናቡ ቀጥሎ የሚሰማው ሳል ነው። የሚያስለውን ሰው «ምን ሆንክ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ መታኝ»። ኦሮምኛ ተናጋሪውም ጥፋቱን የሚጥለው በዚያው በ«ቆራ» ላይ ነው። ጊምቢም ሂዱ፣ ሻምቡም ሂዱ፣ ደምቢ ዶሎም ዝለቁ፣ ተከሳሹ ብርድ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለብርድ ጠበቃ ሆኜ ተነሥቻለሁ።

ብሮንካይት የምንለው ወደ ሳንባ አየር የሚያስገቡት ቧንቧዎች ተቆጥተው ሲያብጡ ነው። ድንገተኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ 2 ወይም 3 ሳምንት አስሎ በራሱ ይለቃል። በፍሬ እየቆጠርን የምንገዛው አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። ማር በሙቅ ውኃ ሳልን ያስታግሣል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። ዳማከሴንና ጤና አዳምንም አልንቅም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድን ኃይል የደረሰበት ልብስ አጣቢዎቹን እናቶች ሳይንቅ አይቶና ፈትኖ ነው። እኛም እንፈትን!

ምላጩን ግን እጠላለሁ። በልጅነቴ «ሳል በዛበት» ተብሎ እንጥሌ ተቆርጧል። ደሜ ፈሰሰ፤ ሳሌ ግን አልቀረም። እንዴትስ ይቅር? በማግስቱ የታዘልኩት እዚያው እናቴ ጀርባ ላይ፣ እዚያው መስኮት አልባ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደደች እንጀራ ትጋግራለች፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ቅጠል አፍልታ ትታጠናለች። ቀን በጢሱ ሳንባዋን የጎዳውን ዛፍ ማታ ሐኪም ታደርገዋለች!

በተከታታይ 2 ዓመት፣ በየዓመቱም 3 ወር ያህል አክታ ያለው ሳል ሥር የሰደደ ብሮንካይት ይባላል። የእናቴ ሳል 20 ክረምት ዘለቀ። ሲጋራ አፏ ደርሶ አያውቅም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ብርድን መክሰስ ወጪ የለውም። ጢስን መክሰስ ግን ግድግዳ መብሳት፣ የጢስ መውጫ ማቆም፣ የተሻለ ምድጃ መግዛት ያስከትላል። ኪሱ የሚነካው አባወራው ነው፤ የምታስለው ግን ሚስቱ። እንጀራውን ሁላችንም እንበላለን።

ብርድን መክሰሱ ሌላም ጉዳት አለው። 2 ሳምንት የሞላው ሳል በእኛ አገር የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያሻዋል። «ብርድ ነው» እያልን ስንቱን ሸፋፍነን አስቀምጠናል?

የተፈጥሮ መድኃኒት የምትሹ ሁሉ ስሙኝ፤ ከቅጠሉም ከሥሩም የሚቀድመው ንጹሕ አየር ነው። ዋጋ አይጠይቅም፤ መግቢያ ብቻ ይፈልጋል። እኔ የእናቴን ማድ ቤት መስኮት ያወጣሁለት እሷን ከቀበርኩ በኋላ ነው። እናንተ አትዘግዩ።