አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ እንዴት ይታደሳል?

በዚህ ወር የእጅ ሙያ ዓምዳችን የምንመለከተው ከባቱ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ዝዋይ ከምንላት ከተማ የደረሰንን ጥያቄ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለዓመታት በሰው ግቢ ተገልብጣ የቆየች፣ አራት ሜትር ያህል የምትረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝተዋል። ታናሽየው እቤት ሊጠግናት፣ ታላቅየው ደግሞ መካከለኛውን መቀመጫ ቆርጦ ለመረብና ለዓሣ ቦታ ሊያሰፋባት አስቧል። እናታቸው ግን «ውሃ በምታስገባ ጀልባ ልጆቼ ሐይቅ አይገቡም» ብለዋል። ማን ነው ልክ? ይሉናል።

እናትየው ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ጀልባዋም ልትድን ትችላለች።

በመጀመሪያ ጀልባዋ የምትሠራበት ውሃ ሊታወቅ ይገባል። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ከዝገት የሚጠብቀውም ይኸው ሽፋን ነው። ሽፋኑን ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ሶዳ ነው። እናቶች የአሉሚኒየም ድስት ሶዳ ሲነካው እንደሚጠቁር ያውቃሉ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። የዝዋይና የቆቃ ውሃ ለአሉሚኒየም አያሰጋም። ላንጋኖ ግን ሶዳነት ስላለው ጀልባዋ እዚያ ውላ ከመጣች በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለባት። አቢጃታና ሻላ ላይ አሳድሮ መተው ጨርሶ አይመከርም፤ ከአቢጃታ ውሃ ሶዳ አሽ ሲመረት የቆየው በከንቱ አይደለም። በዚሁ ምክንያት አሮጌውን ቀለም በኮስቲክ ሶዳ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ላሜራውንም ያጣል፤ በዚያ ላይ የሚወጣው ጋዝ እሳት የሚይዝ ነው። ቀለሙን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሳት ይሻላል። የብረት ብሩሽ የብረት ብናኝ ይተዋልና ተዉት።

ቀዳዳ ለመፈለግ ጀልባዋን በጠንካራ እንጨቶች ላይ አስቀምጡና ውስጧን ውሃ ሙሉ። ከአራት ጣት በላይ ግን አይሁን፤ ያ ብቻ ሦስት ኩንታል ያህል ይመዝናል። ከዚያ ከሥር ሆናችሁ የሚንጠባጠበውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው የላላ ሪቬት ነው። የላላውን ሪቬት አንዱ ከውጭ ጭንቅላቱን በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ በመዶሻ ያጠብቀዋል። የተበላው በድሪል ወጥቶ በጥቅጥቅ የአሉሚኒየም ሪቬት ይተካል። የአዳማ በርና መስኮት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት መሐሉ ክፍት የሆነ ሪቬት ለመስኮት እንጂ ለጀልባ አይሆንም፤ ውሃው በመሐሉ ይገባል።

ላሜራው የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፍና ጫፉ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያም ማዕዘኑ የተሞረደ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ የሚቆይ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ተቀብቶ፣ ዙሪያውን በሪቬት ይመታል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለዚህ አይሆንም። ቆርቆሮም ሆነ የተራ ብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር ውሃ ውስጥ ሲነካካ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ብየዳን በተመለከተ ቁርጡን እንናገር። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራው የሰፈር በያጅ በተለመደው ኤሌክትሮድ ሲሞክረው ወይ አይይዝም ወይ ትልቅ ቀዳዳ ይከፍታል። በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ ካልተገኘ በሪቬት መለጠፉ ይበልጣል።

ስለ ቀለም የጠየቃችሁትን በተመለከተ፣ በእኛ አስተያየት ሳይቀባ ቢቀር ምንም አይጎዳም። ለመቀባት ከተፈለገ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ መነሻ ቀለም ይቅደም፤ እርሳስ ያለበት ቀይ አንቲረስት አይቀባ።

ወደ ታላቅየው አሳብ ስንመጣ፣ መቀመጫው አይቆረጥም። መቀመጫ ለመቀመጥ ብቻ የተሠራ ይመስላል እንጂ ግራና ቀኙን ወጥሮ የያዘው እሱ ነው፤ በብዙ ጀልባዎችም ውስጡ የሚያንሳፍፍ ፎም አለበት። ከተቆረጠ ጎኗ በማዕበል ይተጣጠፋል፣ ሪቬቱም እንደገና ይላላል። እናም የተጠገነችው ጀልባ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ይልቅስ አሮጌው ፎም ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ይውጣና በምትኩ ክዳናቸው በደንብ የታሸገ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ከመቀመጫዎቹ ሥር በገመድ ይታሰሩ። ስድስት ጀሪካን ከአንድ ኩንታል በላይ ይሸከማል። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ ወደ ታች እንዳትሄድና የሚይዙት ነገር እንዳይጠፋ ይረዳል። ሞተር የሚሰቀልበት የኋላ እንጨት በስብሶ ከሆነም ሳይለወጥ ሞተር አይታሰብ።

«ዝዋይ እኮ ጥልቀት የለውም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም፣ ጥልቅ የሚባለውም ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ዋና ለማይችል ሰው ሁለት ሜትር ተኩልም ይበቃል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ በነፋስ ሲናወጥ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ጉማሬም አለ። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ወገኖቻችን በደንገል ጀልባ ሲሻገሩ የኖሩት ሐይቁን ስለናቁት ሳይሆን ጠባዩን ስለሚያውቁ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጀልባዋን ወገብ በማይሞላ ውሃ ላይ አስገቡ፤ ሁለት ሰው፣ መረብና ዓሣ የሚመዝኑትን ያህል አሸዋ በጆንያ ጫኑባትና አስራችሁ አሳድሯት። ጠዋት ውስጧ ደረቅ ከሆነ እናትየው ይጠሩና ይዩት። የሕይወት አድን ጃኬቶቹንም በዚያው አሳዩአቸው፤ ሁለት እንጂ አንድ እንዳይሆን።