ዳጉ መኝታ ቤት አይገባም

አፋር የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ የት ለመለመ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ… ሁሉም ይወራል። በዳጉ መዋሸት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ኔትወርኩ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት በሉት!

ታዲያ አንድ ወሬ ብቻ ሲቀር ይገርመኛል። ባል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሚስት ሊያመጣ ሲል "ሁላችንም ተመርምረናል ወይ?" ተብሎ የሚጠየቅበት ቤት ስንት ነው?

ቆይ! "ብዙ ሚስት ማለት በሽታ ማለት ነው" ልል አይደለም። እኛ ከተሜዎች እንዲህ ብለን ቶሎ እንፈርዳለን። ያደግሁት አዋሽ ሰባት ነው። አንድ ጎረቤታችን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። አንድ ሚስት፣ አንድ ቀለበት፣ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ። ሚስቱ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ያወቀችው በእርግዝና ምርመራ ነው። ሰውየው በወረቀት አንድ ለአንድ ነበር፤ ሎግያ ሲያድር ግን ሌላ ነበር።

ሬኒየርስና ዋትኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናትም ያስገርማል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች፣ ከአንድ በላይ ማግባት በበዛበት ኤችአይቪ ዝቅ ብሎ ነው ያገኙት። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ባልና ሚስቶቹ ከመካከላቸው ካልወጡ ቫይረሱ መግቢያ ያጣል። ነገር ግን አዲስ ከሚገቡት ሚስቶች መካከል ቫይረሱ ያለባቸው በዛ ብለው መገኘታቸውንም አይተዋል። አደጋው ያለው እንግዲህ በሩ ሲከፈት ነው።

"ስለዚህ ችግር የለውም" የሚል ካለ እዚህ ላይ እንለያያለን። በአራት ሰው ትዳር አንዱ ካጠፋ ሦስቱ ይከፍላሉ። ሂሳቡ ይኸው ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሴቷ አፍ ነው። የመጀመሪያዋ ሚስት ሁለተኛዋ ስትመጣ ስንት ጊዜ ትጠየቃለች? በአብሱማ ለአጎቷ ወይም ለአክስቷ ልጅ የተዳረች ልጅ "መጀመሪያ ተመርመር" ትለዋለች? "ኮንዶም" ትለዋለች? መጠየቅ ካልቻለች "ባሌን አምነዋለሁ" ማለቷ ምን ዋጋ አለው?

ሕጉስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይከለክላል። ሆኖም የሚሠራው በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ለሃይማኖትና ለባህል ዳኝነት ቦታ ይሰጣል። ፖሊስ ሰመራ ገብቶ ሚስት ይቆጥራል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

እኔ ለራሴ አንድ ለአንድን እመርጣለሁ፤ ከሁለት ሰው ጋር መነጋገር ከአራት ይቀላል። ለሌላው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እስልምና ከአንድ በላይ ለሚያገባ ወንድ በሚስቶቹ መካከል ፍትሕን ግዴታ አድርጓል። ጤናስ የፍትሕ አካል አይደለም? ከኒካው በፊት ባልየውም፣ ያሉት ሚስቶችም፣ አዲሷም ይመርመሩ፤ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለቂጥኝ። ቫይረሱ ቢገኝስ? መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም።

ስለ ግመሉ የሚጠያየቅ ሕዝብ ስለ ሚስቱና ስለ ራሱ ደም ቢጠያየቅ ምን ይለዋል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?