መጠበቂያው አዳራሽ እንደ ቤተ ሙከራ

ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ መንገደኛ ከበረራው ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲደርስ ይመከራል። ፍተሻው፣ የሻንጣው ምዝገባና የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ የየድርሻቸውን ወስደው እንኳ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይተርፋል። በረራው የዘገየ እንደሆነማ ግማሽ ቀን ሊደርስ ይችላል። ይህ ጊዜ በብዙዎቻችን ዘንድ እንደባከነ ይቆጠራል። አንዳንዱ ያንቀላፋበታል፤ ሌላው ዋጋቸው የማይቀመስ ሱቆችን ይዞርበታል፤ አብዛኛው በስልኩ ላይ ያቀረቅርበታል። ትጉህ ነኝ የሚለው ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቶ የቢሮ ሥራውን ይቀጥልበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የአውሮፕላን ማረፊያ መጠበቂያ አዳራሽ ለአገራችን የሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች ያለ ክፍያ የተከፈተ ቤተ ሙከራ ነው። እኛ ግን የቤተ ሙከራ እጥረት አለብን እያልን በየስብሰባው ስናማርር ኖረን፣ የተከፈተልን ዕለት ገብተን እንተኛበታለን። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ቀዳሚው ጥፋተኛ እኔው ራሴ ነኝና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዓውደ ጥናት ወደ ውጭ ለመሄድ ቦሌ ተገኘሁ። በረራው በሁለት ሰዓት መዘግየቱ ተነገረን። እኔም «ጊዜ ወርቅ ነው» ብዬ ይዤው የመጣሁትን የተማሪዎች የፈተና ወረቀት አውጥቼ ማረም ጀመርኩ። ከአጠገቤ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች አሥር ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ በመስታወቱ በኩል አውሮፕላኖቹን ትመለከት ነበር። ጥቂት ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «ጋሼ፣ ትንሹ አውሮፕላን ቶሎ ተነሣ፤ ትልቁ ግን ለምን ያን ያህል ሮጠ?» ስትል ጠየቀችኝ። እናቷ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራ አስፈታችዎት» አሉኝ። እኔም «ትልቅ ስለሆነ ነው» ብዬ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ልጅቷ ግን በመልሴ አልረካችም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ቀጣዩን አውሮፕላን ትቆጥር ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ባለ ውልብልቢቱ አውሮፕላን ሠላሳ ሳትደርስ ለቀቀ። ሰፊው አውሮፕላን ግን ሃምሳ ልትደፍን ስትል ነበር ከመሬት የተነሣው።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በዚያች ደቂቃ የታየኝ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ስለ አየር ግፊትና እፍግታ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ከማስተምርበት ክፍል እስከ ማኮብኮቢያው ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ይሁንና ለአንድም ተማሪ «ሄደህ ቁጠር» ብዬ አላውቅም፤ እኔም ቆጥሬ አላውቅም። ያረምኳቸውን ወረቀቶች በተመለከተ፣ ስመለስ ሳያቸው በየመሐሉ የመጣው ጥሪና ጫጫታ ሐሳቤን በትኖት ስለነበር እንደገና ማረም ግድ ሆነብኝ። «የተጠቀምኩበት» ጊዜ በእጥፍ ባከነ ማለት ነው።

የሰልፉ ሒሳብ

መጠበቂያው ቤተ ሙከራ ከሰልፉ ይጀምራል። የሰልፍ ሳይንስ ራሱን የቻለ የሒሳብ ዘርፍ ነው። ጅማሬው የሚታሰበው እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች ካሳተመው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀላል ሕግ አረጋገጠ። ሕጉ፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ሰዎች አማካይ ቁጥር በየደቂቃው ከሚገቡት አማካይ ቁጥርና አንድ ሰው በውስጡ ከሚቆይበት አማካይ ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው ይላል።

ይህ ለመንገደኛው ምን ይጠቅመዋል? ከፊትዎ 60 ሰዎች ቆመዋል እንበል። ሰዓትዎን ይዘው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለፈ ይቁጠሩ። 20 ካለፉ በደቂቃ አራት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ተራ ከ15 ደቂቃ በኋላ ገደማ ይደርሳል። «የኔ ሰልፍ ሁልጊዜ የሚዘገየው ለምንድን ነው?» የሚለው የዘወትር እሮሮም መልስ ያገኛል። ሦስት ሰልፎች ጎን ለጎን ካሉ የእርስዎ ሰልፍ ፈጣኑ የመሆን ዕድሉ ከሦስት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ከሚያጋጥሙት ሰልፎች በአብዛኞቹ ሌላው ሲቀድመው ማየቱ ዕድለ ቢስነት ሳይሆን ተራ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ዴቪድ ማይስተር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ስለ መጠበቅ ሥነ ልቦና በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ፣ ሥራ ፈትቶ መጠበቅ ሥራ ይዞ ከመጠበቅ ይልቅ የረዘመ እንደሚመስል፣ መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃም ልኩ ከታወቀው ይልቅ እንደሚከብድ አመልክቷል። እንግዲህ ሰልፉን የለካ ሰው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይመታል፤ ሥራም ያገኛል፣ የጥበቃውንም ልክ ያውቃል።

ከመስታወቱ ባሻገር

ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። «ትልቅ ስለሆነ ነው» የሚለው መልሴ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 75 በመቶ ዝቅ ይላል። የአየሩም እፍግታ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል።

ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣበት ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱ መጨመር አለበት። እፍግታው በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ፍጥነት በ12 በመቶ ገደማ ያድጋል። የመንደርደሪያው ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ሩብ ያህል ይረዝማል። በዚህ ላይ ሞተሩም የሚያገኘው አየር ስስ ስለሆነ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፤ ርቀቱም ከዚያ በላይ ይሆናል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ ዝቅ ያለ መሆኑም ከዚሁ ጋር ሲታይ ትርጉም ይሰጣል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ፊዚክስ በኑሯቸው ያውቁታል። ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበረው አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በቀጥታ ይመጣ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ወደ ምዕራብ ሲበር ፊት ለፊት የሚገጥመው ነፋስ ነው። ሌላው ከከፍተኛው ቦሌ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት በአንድነት ይዞ መነሣት አዳጋች መሆኑ ነው። የልጅቷ ቆጠራ የሚያደርሰን እስከዚህ ድረስ ነው።

ባዶው ጠርሙስ

ሁለተኛው ሙከራ ሊጣል የተዘጋጀ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ብቻ ይፈልጋል። ቦሌ ሲጠብቁ ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉትና በቦርሳዎ ይያዙት። አውሮፕላኑ ከአሥር ሺህ ሜትር በላይ ሲደርስ አውጥተው ይመልከቱት። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ አንድ አራተኛ ወርዷል፤ ጠርሙሱ ግን ብዙም አልተለወጠም። ምክንያቱም የተሳፋሪው ክፍል በተጨመቀ አየር የሚጠበቅ ሲሆን ግፊቱ ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። በሌላ አነጋገር አየሩ የሸገር አየር ነው ማለት ነው። እንዲያውም እንደ ቦይንግ 787 ባሉት፣ የክፍላቸው ግፊት በ1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ልክ በሚጠበቅ አውሮፕላኖች ላይ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ ተሳፋሪ አካሉ ወደ ሰማይ እየወጣ ጆሮው ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጆሮ ሊመስለው ይችላል።

ጅቡቲ ወይም ጅዳ ወይም ዱባይ ሲያርፉ ግን ጠርሙሱ ተጨማድዶ ያገኙታል። በውስጡ ያለው የአዲስ አበባ አየር በባሕር ወለል ግፊት ሲጨመቅ ከአራት እጅ ወደ ሦስት እጅ ገደማ ይቀንሳልና። የቦይል ሕግ ይኸው ነው። በሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ከተጻፈ ቀመር ይልቅ አንድ የተጨማደደ ጠርሙስ በተማሪ አእምሮ ውስጥ እንደሚቀር ለማንም መምህር መንገር አያሻም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ እንደሚኖሩ ይታወቀኛል። «መንገደኛ ደክሞታል፤ ምን አለ ቢያርፍ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ታማሚውን ለሕክምና የሚያጅብ፣ ቤተሰቧን ትታ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ወጣት በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሌላ ሸክም ይዘው ነው። ለእነርሱ ዕረፍትና የሚያጽናና ቃል ከማንኛውም ሙከራ ይበልጣል። ፎርም መሙላት ለከበደው መሙላትም ጊዜን በሚገባ መጠቀም ነው። ጥያቄዬ የሚመለከተው እኛን፣ ለዓውደ ጥናትና ለትምህርት የምንመላለሰውን ነው።

«ይልቅስ ሥራዬን ብሠራ አይሻልም?» ለሚለውም መልስ አለኝ። የሥራ ዓይነት አለ። በየአምስት ደቂቃው በጥሪ የሚቆራረጥ ሰዓት ተያያዥ ሐሳብ ለሚጠይቅ ሥራ አይመችም፤ የእኔ የፈተና ወረቀቶች ምስክር ናቸው። ለምልከታ ግን የተቆራረጠ ጊዜ እንቅፋት አይሆንም። አንድ መንደርደር ከደቂቃ አይበልጥም፤ ቢቋረጥም ቀጣዩ አውሮፕላን ይመጣል።

በመሆኑም ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማንም የሳይንስ መምህር ወይም ተማሪ ለጉዞ ሲነሣ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ጥያቄ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና ሰዓት ይያዝ። ፎቶግራፍ በተከለከለበት ስፍራ ካሜራ ማውጣት አያስፈልግም፤ ዓይንና ሰዓት ይበቃሉ። የበረራ ጥሪውን የሚያስታውስ ደወል መሙላትም አይረሳ፤ ስለ አውሮፕላን ሲያጠኑ አውሮፕላን ማምለጥ ያሳፍራልና። ሁለተኛ፣ የየትምህርት ክፍሉ መምህራን ከጉዞ ሲመለሱ ከሚያቀርቡት ዘገባ ጋር በመንገድ የለኩትን አንድ ነገር ለተማሪዎቻቸው ያቅርቡ። ከዓመት ዓመት የተጠራቀመ የመንደርደሪያ ጊዜ ዝርዝር ጠዋትን ከቀትር፣ ክረምትን ከበጋ ለማነጻጸር የሚያበቃ መረጃ ይሆናል። ሦስተኛ፣ አውሮፕላን ማረፊያዎቻችን የቦታውን ከፍታ፣ የዕለቱን የአየር ግፊትና የማኮብኮቢያውን ርዝመት ከመስታወቱ ሥር በአንድ ሰሌዳ ቢጽፉልን ወጪው ኢምንት ነው። የሚጠብቀው ሕፃን ግን የሚጠይቀው ነገር ያገኛል።

ለልጅቷ ያልኳትን ሳልነግራችሁ ልጨርስ አልወድም። ወረቀቶቼን ወደ ቦርሳዬ መልሼ «ቅድም የሰጠሁሽ መልስ ትክክል አልነበረም፤ እንደገና እንቁጠር» አልኳት። ጥሪያችን እስኪመጣ አምስት አውሮፕላኖች ቆጠርን። እኔ ሰዓቱን ስይዝ እርሷ በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ በመጨረሻም እናቷ የአምስቱን ቁጥሮች በመሳፈሪያ ወረቀቷ ጀርባ ጻፉላት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአየር እፍግታን ሳስተምር የምጀምረው ከቀመሩ አይደለም። «ከእናንተ መካከል አውሮፕላን ሲነሣ የቆጠረ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን እጁን ያወጣ የለም። የሚያወጣ እስኪገኝ መጠየቄን አልተውም።