አንድ ምስክር አይበቃም

ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ማታ፣ ስሟን ከኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ቃል የወሰደችው «በሬሺት» የተባለች የእስራኤል መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ልታርፍ ስትል ወድቃ ተሰባበረች። ነገሩ የጀመረው ከትንሽ ብልሽት ነው። ከሁለቱ የእንቅስቃሴ መለኪያዎቿ አንዱ ሥራ አቆመ፤ እሱን ለማስነሳት የተላከው ትእዛዝ ሌላ ችግር ጎትቶ አመጣና ዋናው ሞተር ጠፋ። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ጊዜው አልፎ ነበር።

ይህ ወሬ ለመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን ለአፉላ ሽማግሌም ይጠቅማል። ጠፈር ውስጥ ላይና ታች የለም። መንኮራኩር ፊቷ ወዴት እንደዞረ የምታውቀው ከዋክብትን በሚያይ ካሜራና መዞርን በሚለካ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ሲበላሽ ሁልጊዜ ዝም አይልም፤ አንዳንዴ ይዋሻል። ኮምፒዩተሩ ውሸቱን ካመነ መንኮራኩሯን ራሱ ያጣምማታል። ለዚህ መሐንዲሶች «ተመልካች» የሚሉት ስሌት አላቸው። ተመልካቹ የመንኮራኩሯን ክብደትና የተሰጣትን ግፊት ስለሚያውቅ ምን ያህል መዞር እንደነበረባት ያሰላል፤ ከዚያ መሣሪያው ከተናገረው ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ ከበዛ መሣሪያውን ይጠረጥራል፣ ሌላውን ይሰማል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

ለቤተ እስራኤል አባቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድ ታዛለች። ለሽምግልና የተቀመጠ ሰውም ከሳሽን ብቻ ሰምቶ አይነሳም፤ የተነገረውን ስለ ሰውየው ከሚያውቀው ጋር ያመዛዝናል።

ታዲያ ይህ ጥንቃቄ ልጆች ትምህርት ቤት ሲደርሱ ለምን ይቀራል? አንድ ልጅ በአንድ ፈተና ዝቅ ብሎ «ለባግሩት ሒሳብ 3 የሂዶት ይበቃዋል» ቢባል፣ ያ አንድ ምስክር ነው። ለምህንድስና መንገዱን የሚያቀናው ግን 5 የሂዶት ነው። ቴክኒዮን ያለበት ሐይፋ ከአፉላ ሩቅ አይደለም፤ በሩ የሚዘጋው በመንገድ ርዝመት ሳይሆን በዚህች ፊርማ ነው።

«አስተማሪው ይበልጥ ያውቃል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ያውቃል። ተመልካቹም መሣሪያውን አይንቅም፤ ያመሳክረዋል እንጂ። ደግሞ በቁጣ መሮጥ አያዋጣም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፣ በሬሺትንም የጎዳት ለማዳን የተላከ ትእዛዝ ነው።

የሚሻለው ወላጅ ከመፈረሙ በፊት አንድ ሽማግሌ ወይም ኬስ አብሮት ሄዶ በእርጋታ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ የልጁ ያለፉት ዓመታት ውጤት ምን ይላል? የከበደው ሒሳቡ ነው ወይስ የጥያቄው ዕብራይስጥ? ሌላ ፈተና መቼ ይሰጠዋል?