የጠፋው የሚያዝያ ዘር

«የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ሐረግ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ ለብዙ ዓይነት ጥፋት የሚሰጥ የተለመደ ምላሽ ሆኗል፤ ዝናብ ሲቀር፣ ጎርፍ ማሳ ሲያጥብ፣ በረዶ አዝመራ ሲመታ፣ አንበጣ ሲወር ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራል። ሐረጉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉን በአንድ ቃል መጠቅለል የትኛው ጉዳት ከተለመደው የውቅያኖስ መለዋወጥ፣ የትኛው ከምድር መሞቅ፣ የትኛውስ ከሰው ቸልተኝነት እንደ መጣ እንዳይለይ ያደርጋል፤ ያልተለየ በሽታ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ይህን ለይቶ ለመመርመር የሲሪንቃ አካባቢ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም መቀመጫ ናት። በዓመት በአማካይ 945 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም በቁጥር ሲታይ ማሽላና ጤፍ ለማብቀል የሚያንስ አይደለም። ሆኖም ዝናቡ የሚመጣው በሁለት ወቅት ተከፍሎ ነው፤ አንዱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጠበቀው በልግ፣ ሌላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ነው፤ በልጉ ሲከዳ ወይም ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ፣ የዓመቱ ድምር ብዙም ሳይጎድል አዝመራው ይጠፋል።

የሀብሩ ገበሬ የዘር ጊዜውን የሚቆርጠው ይህንኑ አመጣጥ አይቶ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት ነባር ማሽላዎች ለመድረስ ረጅም ወራት ስለሚፈልጉ በበልግ እርጥበት በሚያዝያ ተዘርተው፣ በክረምት ጎምርተው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳሉ። ዝናቡ ዘሩን አብቅሎ ሲከዳው ገበሬው በሰኔ ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፤ እርሱም ካልያዘለት በሐምሌ ወደ ጤፍ ይዞራል፤ የጤፉም ጊዜ ካለፈ የሚቀረው በመሬቱ ርጥበት የሚበቅለው ሽምብራ ነው። በእያንዳንዱ መገልበጥ አንድ ቁና ዘር ከጎተራ ይወጣል፣ በሬዎቹ እንደገና ይጠመዳሉ፣ ቀሪው የዝናብ ጊዜም ያጥራል። ስለዚህ በዚህ አገር ድርቅ የግድ የተሰነጠቀ መሬት ሆኖ አይታይም፤ ማሳው በመስከረም ለምልሞ እያለ ጎተራው በጥር ባዶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የአየር ሁኔታ ማለት የዕለቱ ወይም የወቅቱ ዝናብ፣ ሙቀትና ነፋስ ሲሆን፣ የአየር ንብረት ማለት ግን ይኸው ሁኔታ በረጅም ዘመን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዓመት፣ ተመዝኖ የሚገኘው አማካይ ጠባይ ነው። የአንድ ዓመት ድርቅ ብቻውን የአየር ንብረት መለወጡን አያረጋግጥም። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ለምግብ እርዳታ የዳረገው ድርቅ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተከሰተው ኤልኒኖ፣ ማለትም የሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ አዳክሟል። ያንን ድርቅ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናታቸውን ያሳተሙ ሳይንቲስቶች ክስተቱ እጅግ ብርቅ እንደ ነበር፣ ኤልኒኖም እንዳባባሰው ቢያረጋግጡም፣ በዝናቡ መጠን ላይ ግን ከምድር መሞቅ የመጣ ግልጽ ለውጥ አላገኙም።

ይህ ውጤት የምድር መሞቅ ለገበሬው አያሰጋም ማለት አይደለም፤ ሙቀቱ የሚጎዳበት መንገድ ሌላ ነውና። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። አየሩ ሲሞቅ ከአፈርና ከቅጠል የሚመጥጠው ውሃ ስለሚበዛ፣ ለአባቶች አዝመራ ይበቃ የነበረ ዝናብ ለልጆች አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን የመታውን ድርቅ ያጠናው ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን፣ በዚህ ትነት ምክንያት ድርቁ የመከሰት ዕድሉ 100 ጊዜ ያህል መጨመሩን በ2023 አስታውቋል። በሌላ በኩል አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሰማዩ ባጎረፈ ጊዜ በአንድ ከሰዓት የሚወርደው ዝናብ ይበረታል፤ ከተራራው ተንደርድሮ የሚወርደው ጎርፍም አፈሩን ጠርጎ ወደ ቆላው ያልፋል። መድረቁም መጉረፉም የሚመነጩት ከአንድ ሙቀት ነው።

በ2013 ዓ.ም. መባቻ ሀብሩንና ራያ ቆቦን ወርሮ ለአጨዳ የተቃረበ ማሽላና ጤፍ ያወደመው የበረሃ አንበጣም መነሻው ሩቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረብ ባሕረ ገብ ምድርን በረሃ አርጥበው ለአንበጣው መራቢያ አመቻቹ፤ በየመን የነበረው ጦርነት ቁጥጥሩን አሰናከለ፤ በ2019 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ያልተለመደ ከባድ ዝናብም መንጋውን ዳግም አበዛው። የባሕር ሙቀትና የሰው ጦርነት በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተገናኙ።

የሲሪንቃ ማዕከል ተመራማሪዎች ለዚህ ፈተና ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን በማውጣት መልስ ሲሰጡ ቆይተዋል። በወረዳው ቀበሌ ስም የተጠራችው ጊራና አንድ በአራት ወር ገደማ ትደርሳለች፤ ብርሃንና ሆርማት ደግሞ አቀንጭራ የተባለውን፣ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጥጠውን ጥገኛ አረም ይቋቋማሉ። ነገር ግን ገበሬው ማሽላን የሚመዝነው በኩንታል ብቻ አይደለም። የነባሩ ማሽላ ረጅም አገዳ በበጋ የከብት መኖ፣ በምድጃ ማገዶ፣ በጎጆ ላይም ክዳንና አጥር ነው፤ አጭሩ ማሽላ እህሉን ቢያተርፍም በሬውን ያስርባል፣ ቀድሞ ስለሚደርስም የወፍ መንጋ ይረባረብበታል። የሚያዝያው ዘር ሲጠፋ የሚጠፋው እንጀራ ብቻ አለመሆኑን ያልተረዳ ፖሊሲ «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» ብሎ ይወቅሳል፤ ወቀሳውም ፍትሕ ይጎድለዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠው በሰው እጅ ነው። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ የተራበው ሕዝብ በዚሁ በመርሳና በወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ፈሶ ሳለ፣ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። ሰው ያለቀው እህል ከአገር ጠፍቶ ሳይሆን የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ረሃብ ገበሬውን ለአደጋ አጋልጦ ከተወ ሥርዓት እንደሚወለድ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የ2008ቱ ድርቅ ሰፊ ቢሆንም እንደ 1966ቱና እንደ 1977ቱ ረሃብ ያለ እልቂት አላስከተለም፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምና በጊዜ የተገዛ እህል ብዙውን ሰው አትርፈዋልና።

ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ስለዚህ ምድርን ያሞቁት ባለጸጋ አገሮች ለሀብሩ ገበሬ ዕዳ አለባቸው፤ ይህን ዕዳ መጠየቅ ልመና አይደለም። ይሁን እንጂ በውጭ ያለው ባለዕዳ በቤት ያለውን ግዴታ አያወርድም። ጎርፉን በእርከን መያዝና ወደ ማሳ መጥለፍ፣ የቆቦ ጊራና ሸለቆን የከርሰ ምድር ውሃ በቁጠባ መጠቀም፣ አገዳውንም እህሉንም የሚሰጥ ዝርያ ከገበሬው ጋር ሆኖ ማውጣት፣ የሜትሮሎጂ ትንበያን ሬዲዮ በሌለበት ቀበሌ ሳይቀር ከዘር ጊዜ አስቀድሞ ማድረስ በዚህ አገር ሰዎች አቅም ውስጥ ያሉ ሥራዎች ናቸው። በሚያዝያ ዝናቡ ቢቀር ጥፋቱ የሰማይ ሊሆን ይችላል፤ በሰኔ ገበሬው የሚዘራው ሁለተኛ ዘር ካጣ ግን ጥፋቱ የሰው ነው።