የኤች.አይ.ቪ ሥርጭት መቀነስ ለመንገድ ዳር ከተሞች መዘናጊያ ሊሆን አይገባም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና የጨፋን ሜዳ ያቋርጣል። በዚሁ ሜዳ ላይ የምትገኘው ጨፋ ሮቢትም ሆነች የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ኑሯቸው ከዚህ ጎዳና ጋር የተሳሰረ ነው። ጎዳናው ገበያ፣ ሥራና እንግዳ ያመጣላቸዋል። ከመንገደኛው ጋር አብሮ የሚጓዘው የኤች.አይ.ቪ ሥጋትም ላለፉት አራት አሥርት ዓመታት ከዚሁ ጎዳና አልተለየም።

ባለፉት ሃያ ዓመታት በአገሪቱ የቫይረሱ ሥርጭት በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱ የተረጋገጠ ነው። ይሁንና አማካይ ቁጥሩ በመቀነሱ ብቻ ሥጋቱ በሁሉም ቦታ እኩል ተወግዷል ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። ተከታታይ አገራዊ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያሳዩት የሥርጭቱ መጠን መቀነሱን፣ ቅርጹ ግን እምብዛም አለመለወጡን ነው። ይህ ልዩነት እንደ ጨፋ ሮቢት ላሉ አነስተኛ የመንገድ ዳር ከተሞች ትልቅ ትርጉም አለው።

የቁጥሮቹ መልእክት

ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ተሰብስቦ በተቀመጠ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነበር። የኤች.አይ.ቪ/ኤድስ ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ጸድቋል። የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒትም ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ጀምሯል። እንደ ሌሎች ከሰሐራ በታች ያሉ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ሁሉ በኢትዮጵያም የቫይረሱ ዋነኛ መተላለፊያ በተቃራኒ ጾታዎች መካከል የሚደረግ ልቅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውም ቢሆን ምንጩ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ወደዚሁ ይመለሳል።

በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ባለው ሕዝብ ውስጥ ያለውን የሥርጭት መጠን 1.4 በመቶ አድርሶት ነበር። ይኸው ቁጥር በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ወደ 0.9 በመቶ ወርዷል። በአማራ ክልልም ከ1.7 ወደ 1.2 በመቶ ዝቅ ብሏል። ከቅነሳው ከፊሉ የመከላከል ሥራው ውጤት ነው። ከፊሉ ደግሞ ሕክምናው ሳይደርስላቸው ያለፉ ወገኖች ከቁጥሩ በመውጣታቸው የመጣ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የቅርጹ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው እነዚሁ አሐዞች ሲተነተኑ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥርጭቱ በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር ደግሞ 0.7 በመቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 በመቶ ሆኗል። በሁለቱም ወገን የነበረው መጠን በግማሽ ገደማ ቢቀንስም፣ የከተማው ሥርጭት በዚያን ጊዜም የገጠሩን ሰባት እጥፍ ያህል ነበር። በጾታ ረገድም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. በሴቶች 1.9፣ በወንዶች 0.9 በመቶ የነበረው ሥርጭት በ2008 ዓ.ም. 1.2 እና 0.6 በመቶ ሆኗል። በሁለቱም ጊዜ የሴቶች ድርሻ የወንዶች እጥፍ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የቫይረሱን ጉዞ የሚወስኑት ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም ከተማን ከገጠር የሚያገናኘው እንቅስቃሴና በወንድና በሴት መካከል ያለው ያልተመጣጠነ የመወሰን አቅም፣ አሁንም እንዳሉ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ በተመዘገበበትና አብዛኛው ሕዝብ በገጠር በሚኖርበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አማካዩን ብቻ የሚመለከት ኃላፊ ችግሩን አነስተኛ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። የገጠሩ ነዋሪ ግን የሚገበያየው፣ የሚሳፈረውና የቀን ሥራ የሚፈልገው በእነዚሁ የመንገድ ዳር ከተሞች ነው።

ጎዳናው ያለፈበት ታሪክ

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ወደ ወደብ ከሚወስዱት መስመሮች አንዱ በዚሁ አካባቢ ያልፍ ነበር። ወደ አሰብ የሚመላለሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች ከሚሴን አልፈው በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በዋና ዋና መንገዶች ላይ በሚገኙ 23 ከተሞች በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት 17 በመቶ ያህሉ በቫይረሱ መያዛቸውን አመልክቷል። በወቅቱ በሽታው በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ ገና በስሙ እንኳ በሚገባ አይታወቅም ነበር።

ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት የወደብ ጭነት ወደ ጅቡቲ መስመር ሲዞር የጎዳናው ባሕርይ ተለውጧል፤ እንቅስቃሴው ግን አልቆመም። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታና በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በርካታ ወጣቶችን ከቤተሰባቸው አርቀው ወደ አካባቢው ስበዋል። ልማቱ የሚደገፍ ነው። ከትዳሩና ከዘመዱ የራቀ፣ ደመወዙን በእጁ የያዘና ማታ ማታ ከቡና ቤት ሌላ መዋያ የሌለው ሠራተኛ የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ግን የመከላከል አገልግሎት አብሮ ሊዘረጋለት ይገባል። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ጥናት በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ዘንድ ሥርጭቱ 18.7 በመቶ መሆኑን ማሳየቱ ሥጋቱ ያለፈ ታሪክ አለመሆኑን ያረጋግጣል። እነዚህ ሴቶች የበሽታው ምንጭ ተደርገው የሚወቀሱ ሳይሆኑ ከሁሉ በፊት ጥበቃ የሚሹ ዜጎች ናቸው።

ትዳርን መጠበቅ

ከመንገድ ዳር የተነሳው ቫይረስ መጨረሻው መኖሪያ ቤት ነው። የ2008ቱ ጥናት እንዳመለከተው በአገሪቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት አማካይ ዕድሜ 17.1 ዓመት ሲሆን የወንዶቹ 23.7 ዓመት ነው። አንዲት ወጣት ትዳር ስትይዝ ባሏ ከእርሷ በፊት ስድስት ዓመታት ያህል የኖረበትን ሕይወት አብራ ትረከባለች ማለት ነው። በራሷ ምግባር የታመነች ሚስት ለቫይረሱ ልትጋለጥ የምትችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከአንድ በላይ ሚስት በሚገባበት ቤትም ዋናው ጥያቄ የሚስቶቹ ቁጥር ሳይሆን ሁሉም የትዳሩ አባላት ራሳቸውን ማወቃቸውና እርስ በርስ መታመናቸው ነው።

አገራዊ ጥናቶች ሌላም ቁም ነገር ያስገነዝባሉ። ቢያንስ አንደኛው ወገን ቫይረሱ በደሙ ከሚገኝባቸው ጥንዶች መካከል በአብዛኛዎቹ ሌላኛው ወገን ነጻ ነው። ይህ ማለት ባልና ሚስት በጊዜ አብረው ቢመረመሩ ገና ያልተያዘውን ሰው ማዳን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ይፋ የሆነውና በዘጠኝ አገሮች 1,763 ጥንዶችን ያሳተፈው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ቫይረሱ ያለበት ወገን ሕክምናውን ቀደም ብሎ ሲጀምር ወደ ተጓዳኙ የመተላለፍ ዕድሉ በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ከተሳታፊዎቹ እጅግ አብዛኛዎቹ ተቃራኒ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ነበሩ። መድኃኒቱ በሽተኛውን ከማከም አልፎ ትዳርን የሚጠብቅ መሣሪያ መሆኑ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ በከተሞች በ2010 ዓ.ም. የተካሄደው ጥናት ግን ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች ውስጥ ውጤታቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ራሳቸውን ካወቁት መካከል ከ97 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕክምና ላይ ነበሩ። ክፍተቱ የሚገኘው ከመድኃኒቱ በፊት፣ በምርመራው በር ላይ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከጋብቻ በፊት የሚደረግ ምርመራ የሚበረታታ ቢሆንም አንድ ጊዜ የተሰጠ ውጤት የዕድሜ ልክ ዋስትና አለመሆኑም ሊሰመርበት ይገባል።

የሚሄዱና የሚመለሱ

ከወሎ አካባቢና ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በርካታ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። ከፊሎቹ በባቲና በአፋር በረሃ አድርገው በሕገወጥ ደላሎች እጅ የሚጓዙ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የሚደርስባቸው የመደፈር አደጋ ለቫይረሱ የሚያጋልጣቸው ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ መመለሳቸው የሚታወስ ነው። ተመላሾችን በጥርጣሬ ዓይን መመልከት ከጤና ተቋም ያርቃቸዋል። የሚያስፈልጋቸው በፈቃዳቸው የሚያገኙት፣ ምሥጢራቸው የሚጠበቅበት የምክርና የምርመራ አገልግሎት ነው።

የጨፋ ሜዳ ከቦርከና ወንዝ በሚያገኘው ውኃና ግጦሽ ምክንያት በበጋ ወራት አርብቶ አደሮችን ከነከብቶቻቸው ይቀበላል። እነዚህ ወገኖች በአንድ ቀበሌ መዝገብ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይገኙ በመሆናቸው በቋሚ ነዋሪ ቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ በቀላሉ ይዘላቸዋል።

ሥራውን የፈተኑ ችግሮች

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና አካባቢው የደረሰው ግጭት፣ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ የደረሰው ጦርነት፣ እንዲሁም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የጤና አገልግሎቱን ክፉኛ ጎድተውታል። የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በየዕለቱ የሚወሰድ ነው። ታካሚው ከቤቱ ሲፈናቀል ወይም መንገድ ሲዘጋ ሕክምናው ይቋረጣል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እንደገና ያሻቅባል፤ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም ይመለሳል።

በዚህ ላይ የውጭ ድጋፍ መቀነስ ተጨምሯል። ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በማቋረጡና በመቀነሱ ለዓመታት በዚሁ ገንዘብ ሲደገፉ በነበሩ የኤች.አይ.ቪ ሥራዎች ላይ ከፍተኛ ጫና ተፈጥሯል። በአገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ወገኖች ከቫይረሱ ጋር እንደሚኖሩ ሲታሰብ ሥራው በራስ አቅም ላይ መቆም እንደሚገባው ግልጽ ይሆናል።

ከመንግሥት ሠራተኛውና ከኃላፊው የሚጠበቀው

ቀደም ባሉት ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኤች.አይ.ቪ መከላከልን የመደበኛ ሥራቸው አካል እንዲያደርጉና እስከ 2 በመቶ የሚደርስ በጀት እንዲመድቡ የተዘረጋው አሠራር ችግሩን የጤና ዘርፍ ብቻ ከመሆን አውጥቶት ነበር። ይህ አሠራር በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ ተጨማሪ መዋቅር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የኃላፊውን ትኩረት ነው።

በዞንና በወረዳ ደረጃ የሚዘጋጅ ዕቅድ ከአስተዳደር ወሰን ባሻገር ጎዳናውን ተከትሎ ሊታሰብ ይገባዋል። የጨፋ ሮቢት፣ የከሚሴ፣ የአጣዬና የኮምቦልቻ ጤና ተቋማት የአንድ መስመር አገልጋዮች ናቸው። አንዱ ዘንድ ሕክምና የጀመረ መንገደኛ በሌላው ዘንድ መድኃኒቱን ሳይንገላታ ሊያገኝ ይገባል። ምርመራ በገበያ ቀንና በምሽት ሰዓት ቢሰጥ፣ የቀን ሠራተኛውንም ሆነ አሽከርካሪውን በሥራ ሰዓት ከሚጠብቀው አሠራር የተሻለ ብዙ ሰው ያገኛል።

የሪፖርት አቀራረብም መፈተሽ አለበት። ስንት ሰው ትምህርት እንደተሰጠው የሚገልጽ ሪፖርት በሽታው የት እንዳለ አይናገርም። ስንት ባልና ሚስት አብረው እንደተመረመሩ፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች የስንቶቹ የትዳር ጓደኞች እንደተደረሱ፣ ሕክምና ካቋረጡት ስንቶቹ እንደተመለሱ የሚያሳይ ሪፖርት ግን ለውሳኔ ያገለግላል። በዚህ ሥራ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየአካባቢው ያሉ ቅሬዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ቀደም ሲል መገለልንና አድልዎን ለመቀነስ ያበረከቱት አስተዋጽኦ ተጠናክሮ ሊቀጥል ይገባል።

ሥርጭቱን ወደ ዛሬው ደረጃ ያወረደው ኅብረተሰቡና መንግሥት በጋራ ያደረጉት የረጅም ዓመታት ጥረት ነው። ያ ጥረት በአማካይ ቁጥር ዝቅ ማለት ተዘናግቶ ቢላላ ክፍተቱ አስቀድሞ የሚታየው በመዲናዋ ሳይሆን እንደ ጨፋ ሮቢት ባሉ ከተሞችና በነዋሪዎቻቸው ትዳር ውስጥ ይሆናል። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኝ ኃላፊ የዞኑንና የወረዳውን ሪፖርት ሲያነብ ምን ያህል ቀነሰ ከሚለው ጥያቄ ጋር የትና በማን ላይ ቀረ የሚለውን አስከትሎ መጠየቅ ይኖርበታል።